ጀሞ፣ 3ኛ ፎቅ፦ የመኝታ ቤቴን ጫጫታ ለመቀነስ የሠራሁት ሥራ

ጥቅምት 4፣ 2017

ነርስ ነኝ። በወር 8 ወይም 9 ሌሊት አዳር እገባለሁ። ጠዋት ቤት ስደርስ 3 ሰዓት ይሆናል። እኔ መጋረጃ ስዘጋ ሕንፃው ይነቃል። ሳልተኛ ከዋልኩ ማታ መድኃኒት ስለካ እጄን አላምነውም። ለዚህ ነው ጉዳዩን በደንብ ልይዘው የወሰንኩት።

ቤቱ የእናቴ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ከላዬ አንዲት ትልቅ ሴት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እማማ ነው የምላቸው። በመኝታ ቤቴ ግድግዳ የምንዋሰነው አንድ ወጣት ነው፤ የእሱ ሳሎን ከእኔ አልጋ ጀርባ ነው። ከታች ልጆች ያሉት ቤተሰብ አለ።

የሚረብሹኝ ሦስት ናቸው። ከላይ ሙቀጫ፣ ከጎን ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የማያቋርጥ ጉምጉምታ። ጉምጉምታው የእማማ ፍሪጅ ነው ብዬ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ባለፈው ዓመት ወጥቼ ነግሬያቸዋለሁ። ከሥሩ ጨርቅ አደረጉበት፣ ለውጥ የለም።

ጥቅምት 9

ከወንድሜ ጋር መርካቶ ወርደን 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ገዛን። 4,200 ብር። ወንድሜ የእንቁላል ትሪ ይሻላል ብሎ ነበር፣ የሆነ ስቱዲዮ ውስጥ አይቶ። ትሪው ቀላል ካርቶን ነው፣ እሱን ተውነው። ስፖንጁን በማስቲሽ ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ግማሽ ቀን ፈጀ። ሽታው ለሦስት ቀን አልለቀቀም።

ጥቅምት 13

ስፖንጁ አልሠራም። ክፍሉ ውስጥ ስናወራ ድምፃችን ረጋ ብሏል፣ የገደል ማሚቶው ጠፍቷል። የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ግን እንዳለ ነው።

በግምት መናገር ስላልፈለግኩ ገና ከስፖንጁ በፊት መለካት ጀምሬ ነበር። ጎረቤቴን አስፈቅጄ ሬዲዮ ሳሎኑ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። አንድ የተቀዳ ንግግር፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቮልዩም። ስልኬን ትራሴ ላይ አድርጌ በድምፅ መለኪያ አፕ የአንድ ደቂቃ አማካይ ወሰድኩ። የስልክ አፕ ትክክለኛ መሣሪያ አይደለም። ግን በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ በፊትና በኋላ ለማወዳደር ይበቃል።

ስፖንጁን ከመለጠፋችን በፊት 47 ዴሲቤል ነበር። አሁንም 47።

ለማነፃፀር፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ክፍል ያስቀመጠው 30 ነው። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማል።

ለምን እንዳልሠራ ሳነብ ቆየሁ። ስፖንጅ ክፍል ውስጥ እየነጠረ የሚመለሰውን ድምፅ ይመጥጣል እንጂ ከማዶ የሚመጣውን አያግድም። የሚያግደው ክብደት ነው፣ ደግሞም ቀዳዳ አለመኖሩ። ቀላል ሙከራ አለው። ዕቃውን አፍ ላይ አድርጎ መንፋት ነው። ትንፋሽ ካለፈ ድምፅም ያልፋል። ይህን ከመግዛቴ በፊት ባውቅ 4,200 ብሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጥቅምት 20

ይህን ሳምንት ምንም አልገዛሁም። ድምፁ በየት በየት እንደሚገባ ብቻ ፈለግኩ። ስቴቶስኮፔን ይዤ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ቧንቧውን በየተራ አዳመጥኩ። እንደ ደረት ነው። ቦታ ቦታ አለው።

የገባኝ ነገር፣ ድምፅ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ በአየር ነው፣ እንደ ወሬና ቴሌቪዥን። ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ወይም ስስ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ሌላው በሕንፃው አካል ውስጥ የሚሄድ ንዝረት ነው፣ እንደ ሙቀጫና ሞተር። ይኼኛው በቤቶን ውስጥ ሩቅ ይጓዛል፣ ከየት እንደመጣም ጆሮ በቀላሉ አይለየውም። ለአንዱ የሚሆነው መፍትሔ ለሌላው አይሆንም። እኔ ሦስቱንም በአንድ ስፖንጅ ልፈታ ነበር።

ትልቁ ግኝት ከአልጋዬ ጀርባ ያለው ሶኬት ነው። ስቴቶስኮፑ እዚያ ሲደርስ የሰውየውን ወሬ ቃል በቃል ሰማሁ። ድሮም ከዚያ በኩል የጎረቤቴ ሽሮ ይሸተኝ ነበር፣ ልብ አላልኩትም። ዕጣን አጭሼ ሶኬቱ አጠገብ ያዝኩ። ጭሱ ወደ ውስጥ ተሳበ።

ጥቅምት 24

ብሬከሩን አጥፍተን ሶኬቱን ፈታነው። የእኔና የእሱ ሶኬት ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ብሎኬቱ ለሁለቱም ሲቦረቦር መሀሉ ባዶ ቀርቷል። ጎረቤቴ ከዚያ በኩል በስልክ መብራት ሲያበራ እዚህ ብርሃን ይታያል። ግድግዳው ምንም ያህል ቢወፍር እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካለው ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። የተረፈ ስፖንጅ ቆርጬ የሶኬቱ ሳጥን ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ሲያይ «እህቴ፣ ሽቦ ሲግል ይሄ እኮ ነው መጀመሪያ የሚቀጣጠለው» አለኝ። ወዲያው አወጣሁት። ማንም እንዳይደግመው ነው የምጽፈው።

ትክክለኛው እንዲህ ሆነ። ሁለቱንም ሳጥኖች አወጣን። መሀሉን በማልታ ሞላን፣ ሁለት ቀን ደረቀ። ሳጥኖቹ ተመለሱ፣ ዙሪያቸው በሲሊኮን ተዘጋ። ቁም ሣጥኑን ስናንቀሳቅስ ደግሞ ግድግዳውና ኮርኒሱ የሚገናኙበት ቦታ ልስን ያልነካው ሆኖ አገኘነው። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ያንንም ደፈንን።

4 ሲሊኮን 1,800 ብር፣ ኤሌክትሪሻን 800፣ ሲሚንቶና አሸዋ ከጎረቤት።

ልኬት፦ 42። ከ47 ወደ 42፣ ያለ ምንም ግድግዳ ሥራ። ቃላቱ አሁን አይለዩም፣ ድምፅ መኖሩ ብቻ ይታወቃል።

ኅዳር 3

ጉምጉምታው። ለሁለት ሳምንት በደብተር መዘገብኩ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ። ፍሪጅ ቢሆን በየቀኑ ይኖር ነበር። ዝርዝሩን ሳየው ግን የሚመጣው በፈረቃ ውኃ በሚለቀቅበት ቀን ብቻ ነው። ኮርኒሱ ላይ ስቴቶስኮፑ ብዙም አይሰማም። ወለሉ ላይ ይሰማል። የውኃ ቧንቧው ላይ ሲሆን ይጮኻል።

ለማረጋገጥ እማማ ጋ ወጥቼ ፍሪጁን ለአንድ ሰዓት እንዲያጠፉልኝ ለመንኳቸው። ጠፋ። ጉምጉምታው ቀጠለ።

ምንጩ ከታች ነው። የታችኛው ቤት በረንዳ ላይ ወደ ሮቶ ውኃ የሚገፋ ፓምፕ አለ። በብሎን ከወለሉ ጋር ታስሯል፣ የብረት ቧንቧው ደግሞ በቀጥታ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ስልኬ ላይ ድምፁን በፍሪኩዌንሲ የሚያሳይ አፕ ከፍቼ አየሁ። ጎልቶ የወጣው 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) አጠገብ ነው። እንዲህ ያለ ፓምፕ በደቂቃ 2,900 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ በሰከንድ 48 ማለት ነው። ገጠመልኝ።

ስምንት ወር ሙሉ እማማን በሆዴ ይዤ ነበር። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬ እንኳ ቀዝቅዞ ነበር። ያን ዕለት ተመልሼ ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር ልጄ፣ እኔ እንኳ ፍሪጁን ልሸጠው አስቤ ነበር» አሉኝ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል።

ኅዳር 7

ታች ወረድኩ። የቤቱ አባት፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ነገሩን ሲሰሙ ገረማቸው፣ እሳቸው ቤት ውስጥ ብዙ አይሰማም። ፓምፑ የሚያንቀጠቅጠው ወለልና ግድግዳ ግን ከእኔ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። «ንኪው፣ ሥሪው፣ ውኃዬ ብቻ አይቋረጥ» አሉኝ።

የመጀመሪያ ሙከራ፦ ብሎኑን ፈትተን ከሥሩ ስፖንጅ አደረግን። ስፖንጁ እንደ ወረቀት ተጨፈለቀ። ፓምፑ ሲነሳ እየተንሸራተተ ሄዶ የቧንቧውን መጋጠሚያ ሳበው፣ በረንዳው ውኃ ሆነ። ወንድሜና እኔ ስናጠራርግ አመሸን።

ኅዳር 11

ሁለተኛ ሙከራ፦ ጎማ ተራ ሄጄ የከባድ መኪና ጎማ ቁራጭ በ150 ብር ገዛሁ። ቀነሰ፣ ግን ትንሽ ነው። ጎማው በጣም ደረቅ ነው። የፓምፑ ክብደት 10 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ጎማውን ጨርሶ አይጫነውም። የማይረግብ ጎማ እንደ ድንጋይ ነው፣ ንዝረቱን እንዳለ ያሳልፋል። ከላይ ያለው ክብደት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሊያረግበው ይገባል።

ኅዳር 16

ሦስተኛው ሠራ። 50 በ50፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ንጣፍ ገዛሁ፣ 30 ኪሎ ይመዝናል። ፓምፑን እሱ ላይ በብሎን አሰርነው። ከንጣፉ ሥር በአራቱ ማዕዘን ብቻ የተጣጠፈ ከመነዳሪ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) አደረግን፣ በየማዕዘኑ አራት እጥፍ። ከባድ ነገር ለስላሳ ነገር ላይ ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ነው የሚወዛወዘው፣ የሞተሩን ፈጣን ንዝረት ወደ ወለል አያወርድም።

ይህ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነበር። ቀሪው ቧንቧው ነው። በፓምፑና በብረት ቧንቧው መሀል 40 ሴንቲ ሜትር ተጣጣፊ ቱቦ አስገባን። ቧንቧው ግድግዳውን የሚያልፍበት ቀዳዳም በማልታ ተደፍኖ ስለነበር ዙሪያውን ፈልፍለን ከመነዳሪ ጠቀለልንበት።

ንጣፍ 300፣ ቱቦ 650፣ ከመነዳሪ 200። በድምሩ 1,150 ብር። ፓምፑ እየሠራ እንደሆነ ለማወቅ አሁን በረንዳ ወጥቼ ማየት አለብኝ። ጋሼም ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ሲነሳ ብርጭቆ አይንቀጫቀጭም አሉኝ።

ኅዳር 22

ጾም ገብቷል። ቡናው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው ይወቀጣል። ሙቀጫ በጣም አስቸጋሪው ነው። አንድ ምት ሲያርፍ አልጋዬ ላይ ይሰማኛል።

የእኛ ብሎክ ወለል በፕሪካስት ቢም (ቀድሞ ተሠርቶ በመጣ የኮንክሪት ተሸካሚ) መሀል ብሎኬት ተደርድሮ ላዩ ላይ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው። ባዶነት አለው፣ እንደ ከበሮ ይመልሳል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ሲታሰብ ለእርድ፣ ለልብስ እጥበትና ለወቀጣ የሚሆን የጋራ ቤት አብሮ ታስቦ ነበር። ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። የእኛ ብሎክ የጋራ ቤት አሁን ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። እማማም በጉልበታቸው አራት ፎቅ ወርደው ይውቀጡ ማለት አልችልም።

ኮርኒስ ብሠራስ ብዬ አስቤ ነበር። ዋጋ ጠየቅኩ፣ ከ30,000 በላይ። ደግሞ ንዝረቱ በግድግዳውም ስለሚወርድ ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም። የምት ድምፅ የሚያዘው ከሚመታበት ቦታ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ ወጣሁ።

ከእማማ ጋር ቡና እየጠጣን ከሰዓቱን ሙሉ ሞከርን። እሳቸው ይወቅጣሉ፣ ወንድሜ ከታች ስልኩን ይዞ ቁጥር ይነግረናል። ባዶ ወለል ላይ 58። የታጠፈ አጎዛ ላይ 54። የመኪና ጎማ ላይ 52። ጎማ፣ በላዩ የስፖርት ምንጣፍ ሁለት እጥፍ፣ በላዩ ጣውላ፣ 47። ሙቀጫው ሲወዛወዝ ለእጃቸው እንዳይከብድ ጣውላውን ሰፋ አደረግነው።

ከዚያ የልጅ ልጃቸው አንድ ነገር አለች። «ለምን ኩሽና ጥግ አናደርገውም?» ሙቀጫው የሚቀመጠው ሳሎን መሀል ነበር፣ ወለሉ በጣም በሚርገበገብበት ቦታ። ወደ ኩሽናው ጥግ፣ ኮለኑ (የሕንፃው ምሰሶ) አጠገብ ወሰድነው። 41። ለዚህ አንድ ብር አልወጣም፣ 6 ዴሲቤል ግን ቀነሰ።

አንድ ምልክትም ተስማማን። አዳር አድሬ በገባሁ ቀን ሰማያዊ ፎጣ በረንዳዬ ላይ አሰጣለሁ። እማማ ከላይ ሲያዩት ወቀጣውን ከ9 ሰዓት በኋላ ያደርጉታል። እኔ አልጠየቅኳቸውም፣ ሐሳቡ የእሳቸው ነው።

ታኅሳስ 1

አሁን ግድግዳው። 42 ላይ ነው ያለው፤ ለሌሊት ይበቃል፣ ለቀን እንቅልፍ ግን ኳስ ሲኖር አይሆንም። ጎረቤቴ ሱብውፈሩን (ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር) ወለል ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ከግድግዳ የነቀልኩትን ስፖንጅ ሰጠሁት፣ ከሥሩ አደረገው። ስፖንጁ በመጨረሻ ሥራ አገኘ።

ከመብሳቴ በፊት ለብሎኩ ኮሚቴ ነገርኩ። የጋራ ሕንፃ አዋጁ (370/1995) የግል ቤትንና የጋራ መጠቀሚያን ይለያል፣ ሁለት ቤት የሚለይ ግድግዳ ደግሞ የእኔ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ተስማሙ። የሥራ ሰዓት ብቻ ወሰኑልኝ።

ዕቅዱ፦ ከግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚቆም የብረት ፕሮፋይል። ከወለልና ከኮርኒስ ጋር ሲገናኝ ከሥሩ የጎማ ስትሪፕ። በመሀሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሮክ ውል፣ ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር። ከፊት ሁለት ድርብ የ12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ፣ የሁለቱ መጋጠሚያ አንድ ቦታ ላይ ሳይውል። ዳር ዳሩ በሲሊኮን። ዋናው ነገር አዲሱ ግድግዳ አሮጌውን አለመንካቱ ነው። ከነካ ንዝረቱ ይሻገራል።

ታኅሳስ 6

7 ጂፕሰም ቦርድ በ1,500፣ 10,500 ብር። ፕሮፋይል 3,900። ሮክ ውል 6,400፤ ፍለጋው ሁለት ቀን ፈጀ። ቪስ፣ ቴፕና ስቱኮ 1,700። የእጅ ዋጋ 5,000። በድምሩ 27,500። የቦርዱ ክብደት ብቻ 150 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሦስት ፎቅ ተሸክመን አወጣነው። ሮክ ውል ሲቆረጥ ቆዳ ያሳክካል፣ ጓንትና ማስክ ግድ ነው።

ታኅሳስ 12

ተለካ። 38። ከጠበቅኩት ያነሰ ለውጥ ነው። ስቴቶስኮፑን አወጣሁ። አራት ቦታ ላይ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፣ በእኩል ርቀት። ሠራተኛውን ጠየቅኩት። «አሮጌው ግድግዳ ላይ ካልታሰረ ይወድቃል ብዬ በአራት ብራኬት አሰርኩት» አለኝ። ለደኅንነት አስቦ ነው፣ ግን እነዚያ አራት ብራኬቶች ድምፅ የሚሻገርባቸው ድልድይ ሆነዋል።

ስህተቱ የእኔ ነው። ሲሠራ ሥራ ላይ ነበርኩ። በወረቀት ላይ ሥዬ አልሰጠሁትም፣ በቃል ብቻ ነው የነገርኩት።

ታኅሳስ 19

ሁለት ቦርድ ነቅለን ብራኬቶቹን አወጣን። ፕሮፋይሉ ከላይና ከታች በፊሸር ስለታሰረ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መሀሉ ላይ ሁለት ተጨማሪ ፕሮፋይል አቆምን። ተጨማሪ ወጪ 2,300 ብር።

ልኬት፦ 33። ሬዲዮው ሲጠፋ ደግሞ ክፍሉ 31 ነው። ከዚህ በላይ በስልክ መለየት አይቻልም።

ታኅሳስ 27

ትናንት ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ገደማ መሬት ተንቀጠቀጠ። ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚመጣው ነው፣ ከሰሞኑ ሁሉ ጠንከር ያለ ነበር። ሁላችንም ደረጃ ላይ ተገናኘን። እማማን ይዤ ወረድኩ።

ሲነጋ ግድግዳውን ፈተሽኩ። ቪሶቹ ደህና ናቸው። ግን ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበት አንድ ሜትር ያህል ቦታ በስቱኮ ብቻ ተዘግቶ ነበር፣ ሲሊኮን አልቆብን። እሱ ተሰንጥቋል። ሲሊኮን የገባበት ሁሉ አልተነካም። ለካሁ፣ 36። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ 3 ዴሲቤል መለሰች። ስቱኮውን ፍቄ በሲሊኮን ሞላሁት፣ 450 ብር። ከበዓሉ በፊት ወደ 33 ተመለሰ።

ጥር 8

ለአሥር ቀን ያህል ግድግዳውን አልነካሁም። ትናንት ከአዳር ገብቼ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተኛሁ፣ 9 ሰዓት ከሩብ ነቃሁ። መሀል ላይ አልነቃሁም። ፎጣውን ሳነሳ ከላይ ወቀጣው ተጀመረ።

የቀረው የደረጃው የላሜራ በር ነው። ሰው ሲለቀው ሦስት ፎቅ ያናውጣል። ከተረፈው ከመነዳሪ ስትሪፕ ቆርጬ ፍሬሙ ላይ ለጥፌ ሞከርኩ፣ በአራት ቀን ተላጠ። ማስቲሹ ዝገት ላይ አይዝም። ቅዳሜ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ በቪስና በስስ ላሜራ አስሬ እሞክረዋለሁ። ጋሼ ድሪላቸውን ያውሱኛል።